አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል

«… ኃይል ወስብሐት ለዓለመ ዓለም፣ አሜን። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ …»

«በቃ! ኧረ በቃ አንቺ ልጅ!»

አያ የሱፍ የካሜራውን ክዳን ይዘው ዘለሉ። አዘላለላቸውን ላየ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ፎቶ አንሺ ነጋዴ ሳይሆኑ እሳት የነካው ፌንጣ ይመስሉ ነበር። ፀሐይ ግን ቀደመቻቸው። ከጉና ተራራ ጀርባ ብቅ አለችና ያንን ሁሉ ሸንተረር፣ ያንን ሁሉ ውርጭ በአንድ እርምጃ ተሻግራ፣ ሳታንኳኳ በካሜራው ዓይን ገባች።

ክዳኑ ተገጠመ። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ተቃጠለ» አሉ አያ የሱፍ። «ሥዕሉ የሚያርፍበት አንዱ መስታወት በከንቱ ሄደ።»

ፈንታነሽ ጋቢዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቷ እንደዚያ ቀን ጠዋት ያለ ብርድ አይታ አታውቅም። የዚያን ዘመን የደብረ ታቦር ብርድ እንደ ዛሬው የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አውራ ዶሮ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ጩኸቱ በረዶ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታቀልጠው ነው ሰፈሩ ሁሉ በአንዴ ብድግ የሚለው። የአሞራ አምባ ኮረብታ ደግሞ ከከተማው በላይ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ድንጋዩም ያስነጥሳል።

«ለምን ‹አሜን› ስትዪ አላቆምሽም? አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብዬሽ አልነበር? ትናንት እቤት ስንሞክረው እኮ ልክ ነበር።»

«ትናንትማ ‹አሜን› እንዳልኩ አንቱ አስነጥሰው አቋረጡኝ።»

«እና ዛሬም ማስነጠስ ነበረብኝ?»

«አያ የሱፍ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብሎ በሰላመን ሳይሉ መተው እንዴት ይሆናል? ሰው ቤት ገብቶ አባወራውን ሰላም ብሎ፣ እመቤቲቱን ዘሎ እንደ መውጣት ነው እኮ። ነውር ነው።»

አያ የሱፍ ሙስሊም ናቸው፤ በሰላመን አያውቋትም። ነውርን ግን ያውቃሉ። ጢማቸው ላይ የያዘውን አመዳይ እያራገፉ ትንሽ አሰቡ።

«ነውርስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መስታወት ግን ነውር አያውቅም። ብርሃን ሲበዛበት ወረቀቱ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ብቻ ይሆናል። ተራራ የለው፣ ዛፍ የለው፣ መንገድ የለው። ባዶ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ የሱፍ ከአስመራ ይዘውት የመጡት፣ ድምፁ ከሦስት አጥር ማዶ የሚሰማ ሰዓት ነበራቸው። ወደ ደብረ ታቦር ሲመጡ በቅሏቸው ስትንሸራተት ርብ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የርብ ዓሣ ሁሉ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል ይባላል። የማር ቀፎ የሚያክለው ካሜራቸው ግን ተረፈ። ፎቶግራፍ ለማንሳት ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ በልክ መቆጠር አለበት። በፋቲሃ ሊቆጥሩ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ «በዚህ ብርድ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አንዱን ቃል ሦስቴ ነው የምለው» አሉ። ስለዚህ ቆጣሪ ፈለጉ። ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ቤት ለቤት ቢዞሩ፣ አቡነ ዘበሰማያትን እንደ ጎረቤታቸው ልጅ እንደ ፈንታነሽ በአንድ እርጋታ፣ አንድ ቃል ሳይውጥ የሚል ሰው አይገኝም ነበር። እንዲህ ያስተማራት አባቷ ካሳሁን ነው። «አትሩጪ፤ የሚሰማሽ አይቸኩልም» እያለ።

ፈንታነሽ ደግሞ ባትለመንም ኮረብታው ላይ ነበረች። ጠዋትም ማታም ትወጣለች። ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሳምንቱ አባቷ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ሲሄድ ያላት አንድ ነገር ነው። «ማታ ማታ ወደ ጉና እዪ፤ እኔም ወዲህ አያለሁ።» ይኸው ሦስት ዓመት። እናቷ አሰለፈች ውሃ ስትቀዳ እንኳ ጀርባዋን ለጉና ሰጥታ ነው፤ ካየችው የምትቀዳው ውሃ ከዓይኗ ይሆናል። የሁለቱንም ድርሻ የምታየው ፈንታነሽ ናት።

ጠዋት ጉና አንድ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ፀሐይዋን ከጀርባው ደብቆ ምንም አያሳይም። ማታ ግን ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ ከጎን ይመታውና እንደ ተዘረጋ ብራና መስመር በመስመር ይነበባል። ያን ጊዜ ፈንታነሽ አንዱን ሸለቆ ትመርጥና «እዚያ ነው» ትላለች። በማግስቱ ሌላ ትመርጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷን ያላሳደረችበት የጉና ጓዳ የለም።

ታዲያ የጣሊያን ምሽግ አዛዥ የሆነው ካፒታኖ አያ የሱፍን አስጠርቶ «ጉናን ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ አንሳልኝ፤ ሮማ ላለችው ሚስቴ ነው» ብሎ ሦስት መስታወት ሲሰጣቸው፣ ሁለት ሰዎች ደስ አላቸው። አያ የሱፍ ሚስታቸውን ዙበይዳን ይፋግ ትተው ከመጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ድመት እንኳ ከከተማው አትወጣም። ካፒታኖው ይለፉን ቃል ገባላቸው። እሳቸው ደግሞ ለፈንታነሽ ቃል ገቡላት።

«የማታው ልክ ከመጣ አንዱን አትሜ ላንቺ እሰጣለሁ። ለእናትሽም ታሳያታለሽ።»

ጉናን እቤት ማስገባት! ፈንታነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቷን የት እንደምታስቀምጠው ስታስብ እንቅልፍ አልነበራትም። ከራስጌዋ፣ ከአባቷ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ።

አሁን የቀሩት ሁለት መስታወቶች ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ተሳካ። ፈንታነሽ «አሜን» ላይ ስትደርስ ምላሷን ነከሰች፤ አያ የሱፍ ክዳኑን ገጠሙ፤ ከዚያ በኋላ በሰላመን ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ ለካሳ። ረፋድ ላይ በአያ የሱፍ ጨለማ ጓዳ ወረቀቱ ውሃ ውስጥ እየተወዛወዘ ጉና ቀስ ብሎ ብቅ አለ። ጥቁር ጀርባ፣ ከላዩ የወርቅ ጠርዝ። ፈንታነሽ ትንፋሿን ዋጠች።

«ይቺ ምን አላት» አሉ አያ የሱፍ፣ ጢማቸውን እየጠመዘዙ። «የማታዋን ስታዪ ትወድቂያለሽ።»

ፎቶግራፉን ይዘው፣ ፈንታነሽን አስከትለው ወደ ምሽጉ ሄዱ። ካፒታኖው ምን ከሚያህል ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰንጋ በሬ ቢጋደም እግሩ አይተርፍም። አጠገቡ አስተርጓሚው ደሳለኝ ቆሟል። ደሳለኝ የዚያው የከተማው ልጅ ነው፤ የጣሊያን ባርኔጣ ካደረገ ወዲህ አንገቱ አንድ ስንዝር ረዝሟል።

ካፒታኖው ፎቶግራፉን አየ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና የቡና ስኒውን አስቀመጠበት። ስኒው የጉናን የወርቅ ጠርዝ በክብ እድፍ ከበበው።

«ይሄ ጥላ ብቻ ነው ይላሉ» አለ ደሳለኝ። «የሚፈልጉት የማታውን ነው። ዛሬውኑ። ወረቀቱን ብቻ አይደለም፣ መስታወቱንም። ሌላ መስታወት ከጎንደር እስኪመጣ ክረምት ይገባል፤ እንዳታበላሽ። እኔም አብሬ እወጣለሁ፤ ክዳኑ ሲከፈት በዓይንህ እይ ብለውኛል።»

«ይለፉስ?» አሉ አያ የሱፍ።

ካፒታኖው እንደ ገባው ሁሉ አንዲት ትንሽ ወረቀት አነሳና አሳያቸው። ማኅተም አርፎባታል። ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። አያ የሱፍ ወረቀቷን ያዩበት ዓይን፣ ፈንታነሽ ጉናን የምታይበት ዓይን ነበር።

እሷ ግን ወረቀቷን አላየችም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ አንድ ትልቅ አንሶላ የሚያህል ሥዕል ነበር። ፊደሉን አታውቀውም። ግን ያ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ሰማያዊ ክር ርብ መሆን አለበት። ይኼ የመስመር ጥልፍልፍ ከተማው ነው። ይኼኛው ወደ ገሳይ የሚሄደው መንገድ። ከመንገዱ ጎን ግን፣ ጉና ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ ምንም አልነበረም። ነጭ። በነጩ ዙሪያ ቀይ እርሳስና ማስመሪያ ተኝተዋል።

የዚያን ቀን ማታ አሞራ አምባ ላይ የወጣው ብርሃን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ደግሞ አልታየም። ማሩን ሁሉ ከየቀፎው ሰብስቦ ሰማይ ላይ የደፋው ሰው ያለ ይመስል ነበር። የበቅሎዋ ጆሮ ወርቅ ሆነ። የደሳለኝ ባርኔጣ እንኳ አማረ። እሱ ከአሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አለት ላይ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

«እንግዲህ ቶሎ በሉ! ሽማግሌው፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ታደርጋለች?»

«ሰዓቴ ናት» አሉ አያ የሱፍ።

«ሰዓት ጋቢ ይለብሳል?»

«የኔ ብርድ አይወድም።»

ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «ነይ እስቲ። መስታወቱ ከመግባቱ በፊት ግቢና እዪ። እንዳትደነግጪ፣ ተገልብጦ ነው የሚታየው።»

ፈንታነሽ ከጨርቁ ሥር ገባች። በጨለማው መሃል አንዲት የምታበራ ገበታ። ጉና ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ተንጠልጥሏል፤ አንገቷን ስታዘነብል ቀና አለላት። እያንዳንዱ የገብስ ማሳ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ከነጥላው ቁጭ ብሏል። እና ከሁለት ሸንተረር መሃል አንዲት ክር አየች። ክሯ ትታጠፋለች፣ ትሰወራለች፣ እንደገና ትወጣለች፤ ወደ አንድ የተደበቀ ገደል አፋፍ ትደርስና ትቆማለች። በቀን የማትታይ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታት ብቻ በጥላዋ የምትታወቅ የእግር መንገድ። ከመጨረሻዋም ላይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ጭስ።

*እዚያ ነው።*

ሦስት ዓመት ስትገምተው የኖረችው ነገር ጣቷን ብታስጠጋ የምትነካው ሆነ። ጭስ ካለ እሳት አለ፤ እሳት ካለ የሚሞቀው ሰው አለ። ምናልባት አሁን እጁን እያሞቀ ወደዚህ እያየ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀቱ ሲታተም ለእናቷ ትወስድላታለች፤ «ዙሪና እዪ፣ ይኸውልሽ» ትላታለች። እናቷ ከሦስት ዓመት በኋላ ፊቷን ወደ ጉና ታዞራለች።

ከዚያ ካፒታኖው ጠረጴዛ ላይ ያየችው ያ ነጭ ቦታ ትዝ አላት። ነጩና፣ ይህችን ክር የሚጠብቀው ቀዩ እርሳስ።

ከጨርቁ ሥር ስትወጣ ብርዱ ፊቷን በጥፊ መታው።

«አየሽ አይደል?» አሉ አያ የሱፍ።

«አያ የሱፍ» አለች ቀስ ብላ፣ «የካፒታኖው ሚስት ጉናን ምን ታደርገዋለች?»

«ግድግዳዋ ላይ ትሰቅለዋለቻ።»

«የጠዋቱን እኮ ስኒ አስቀመጠበት።»

አያ የሱፍ መስታወቱን ወደ ካሜራው እያስገቡ ነበር። እጃቸው ቆመ። ወደ ጉና አዩ፤ ወደ እሷ አዩ፤ ወደ ደሳለኝ አዩ። መስታወቱን እስከ መጨረሻው ገፉት።

«ዙበይዳን ካየሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ» አሉ፣ ለካሜራው የሚነግሩ ይመስል። «ስሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።»

ፈንታነሽ ጋቢዋን አጥብቃ ከካሜራው ጎን ቆመች።

«ምን ትጎለታላችሁ! ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው!» ጮኸ ደሳለኝ።

አያ የሱፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የማታው ብርሃን ብርቱ ነው። የጠዋቱን ግማሽ እንኳ አይፈልግም። ‹ሲሳየነ› ስትዪ እግርሽን መሬት ምቺ፤ እዘጋለሁ። እንደ ተባባልነው፣ አንዱ ወረቀት ያንቺ ነው።» ቃሉ ከአፋቸው እንደ ሌላው ጊዜ አልወጣም። «በይ ጀምሪ።»

«አቡነ ዘበሰማያት …»

ክዳኑ ተነሳ።

ደሳለኝ ቆሎውን ወደ ኪሱ መለሰ። ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ አንገቱን ደፋ። የጣሊያን ደመወዝ ይብላ እንጂ ያሳደገችው እናት ናት፤ ጸሎት ከተጀመረ መሃል ገብቶ ማቋረጥ ያስቀስፋል ብላ ነው ያሳደገችው።

ፈንታነሽ አልፈጠነችም፤ አልዘገየችም። ቃሎቹ አንድ በአንድ እየወጡ በብርዱ ላይ እንፋሎት ሆኑ። ያቺ ክር አሁን በባዶ ዓይንም ትታያት ነበር፤ የት እንዳለች አውቃለችና። ወረቀቱን አሰበችው። ለስላሳ፣ እርጥብ፣ የእሷ። እግሯን ማንሳት ብቻ ነው። አንዴ ብትመታ ጉና ዛሬ ማታ ከራስጌዋ ያድራል።

«ሲሳየነ …» አለች።

አያ የሱፍ እግሯን አዩ።

እግሯ አልተነሳም። ያ እግር በዚያች ቅጽበት ከጉና ይከብድ ነበር፤ አርባ በሬ ቢጠመድ አይነቀንቀውም።

«… ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም …»

አያ የሱፍ ቃሉን ባያውቁትም ልኩን ያውቁታል። ክዳኑን የያዘው እጃቸው ወደ ካሜራው ዓይን ሄደ። አንዲት ጣት ሲቀረው ቆመ። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ወደ ይፋግ በኩል ዞረው አዩ። ረጅም አዩ። ጸሎቱ ግን አልጠበቃቸውም።

«… አሜን» አለች ፈንታነሽ። ትንፋሽ ሳትወስድም ቀጠለች፤ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ …»

አባወራውን ሰላም ብላ፣ እመቤቲቱንም ሰላም አለች። አንድም ቃል አልዋጠችም። ብርሃኑ በጉና ሆድ ላይ እየወጣ፣ ማሳዎቹን አንድ በአንድ እየተወ ሲሄድ ያ የተከፈተ ዓይን ሁሉንም ይጠጣ ነበር፤ እስኪጠግብ፣ ከጠገበም በላይ። በሰላመም አለቀ።

ደሳለኝ አንገቱን እንደ ደፋ ነው።

«ከዚህ ቀጥሎስ?» አሉ አያ የሱፍ በሹክሹክታ።

«ጸሎተ ሃይማኖት።»

«ረጅም ነው?»

«የትየለሌ ነው።»

አያ የሱፍ ክዳኑን አዩት። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና እጃቸውን ብብታቸው ሥር ቀበሩ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «አትሩጪ።»

ከጉና አፋፍ ላይ ያቺ ቀጭን ጭስ የመጨረሻዋን ብርሃን ይዛ ቆማለች። ፈንታነሽ ዓይኗን ሳትነቅል ጀመረች።

«ነአምን …»